የመርፌዋ ጫፍ

መጋቢት 18
ዛሬም የቀዶ ጥገናው ስፌት ዘገየ። መርፌ መያዣውን ባቀበልኳት ቁጥር ዶክተር ኒራቻ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ታነሳለች፤ መርፌዋን ታዞርና ትመለሳለች። ምን አጠፋሁ? ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም የለም፣ እትዬ አምፓይ።»

ከእሷ በፊት የነበሩት ዶክተር ቲራዴት ቢሆኑ... መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ አኖርላቸዋለሁ። እያንጎራጎሩ ነበር የሚሰፉት። ዝም ካሉ መቀስ ፈልገዋል ማለት ነው። ይህን ማን አስተማረኝ? ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ነው የመጣሁት። አሮጌ ተብለው የተጣሉ ወረንጦዎችን ቤት ወስጄ፣ ከሙዝ ቅጠል ላይ ፀጉር እያነሳሁ እጄን አሠለጠንኩ።

መጋቢት 26
የነርሶች አለቃዋ ኦራታይ ጠራችኝ። ዶክተሯ «እትዬ ደክሟቸው ይሆናል» ብላታለች። ከአዲስ ዓመቱ የውሃ በዓል በኋላ ወደ መሣሪያ ማጠቢያው ልዛወር ነው። እሺ አልኩ።

መጋቢት 27
ሩዙን አሳረርኩት።

ሚያዝያ 5
የውሃ በዓል። እንደየዓመቱ ዶክተር ቲራዴት ጋ ሄድኩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ውሏቸው ከማንጎስቲን ዛፎቻቸው ሥር ነው። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ወግ፣ ተንበርክኬ የጃስሚን ውሃ እጃቸው ላይ አፈሰስኩ። ሁለት መዳፍ ዘርግተውልኝ ውሃው ሁሉ ግራው ላይ... ቀኛቸው ደረቅ።

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬም ለግራዬ ነው የምታቀብዪው?»

ሳቅን። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ግራኝ ናቸው እኮ! ለእሳቸው ጫፏን ወደ ቀኝ አዙሬ ነበር መርፌዋን የማስይዘው። ዶክተር ኒራቻ በቀኟ ነው የምትሰፋው... እጄ ግን ያንኑ ይዟል። ምስኪን፣ በየመርፌው ስታዞር ኖራለች።

ነገርኳቸው። ለምን አልነገረችሽም አሉ።

«እንዴት ብላ፣ ዶክተር? እናቷን እሆናለሁ።»

«እንግዲህ እኔን እርሺኝ» አሉ።

ሚያዝያ 7
ቤት ውስጥ እንደ ድሮው ልምምድ፦ ወረንጦ፣ መርፌ፣ ክር... ጫፏ ወደ ግራ። ትንሽ ስዘናጋ እጄ ወደ እሳቸው ይመለሳል።

ሚያዝያ 10
የመጨረሻ ቀኔ ነበር። ገመድ አውራ ጣቱን የቆረጠው ዓሣ አጥማጅ መጣ። ሳንጀምር አልኳት፣ «ልጄ፣ እንደ ግራኝ ነበር የማቀብልሽ። ዛሬ ካጠፋሁ ንገሪኝ።» ፊቷ ቀላ።

አንዴ እጄ አታለለኝ።

«ወደ ግራ፣ እትዬ» አለች፤ ዓይኗን ሳታነሳ።

ከዚያ ወዲያ ቀና አላለችም። መዳፏ ይከፈታል፣ አኖራለሁ። ተመልሶ የተሰፋው የገረጣ ጣት ደም እየገባው ቀስ እያለ ቀላ።

ስንወጣ ዶክተሯ ኦራታይን፣ «ነገም እትዬ ይሁኑልኝ» አለቻት።

ጓንቴን ሳወልቅ የሆነ ዜማ ሰማሁ። የዶክተር ቲራዴት... የማንጎራጉረው እኔ ነበርኩ።