ከሐረር የመጣው ፋኖስ

ይድረስ ሐረር ለሚኖረው ለወንድም ጋሼ ወልደተንሣኤ።

እንደምን ሰንብተሃል? እንደምን ከርመሃል? ክረምት ሲገባ የሚነሣብህ ጉልበትህስ በዚያ አገር አየር ተሻለው ወይ? እኛ የመድኃኔ ዓለም ቸርነቱ አይጓደልብንና፣ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የላክኸውን ፋኖስ ነጋዴው ያሕያ እስከ አሊዩ አምባ ገበያ ድረስ አምጥቶ አስረክቦኛል። በጋቢው ጠቅልሎት ስለመጣ መስተዋቱ ጭረት እንኳ የለውም። አባታችን ደስታቸው ወሰን የለውም፤ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «ልጄ የላከልኝ ብርሃን» እያሉ ያስዳስሱታል።

መጀመሪያ እኔ ሞኙ ከአባታችን በቅሎ አንገት ላይ አንጠልጥዬው ነበር። ብርሃኑ ዓይኗን ቢያጥበረብራት፣ የገዛ ጥላዋም ሲወዛወዝ ብታይ ደንብራ ወደ ገደሉ አፈገፈገች። አንተ ችቦውን ዝቅ አድርገህ በገደሉ በኩል የምትሄደው ለካ ለዚህ ኖሯል። አባታችን የታመመ የንስሐ ልጅ ሌሊት ሲያስጠራቸው፣ እኔ ከኋላቸው ተፈናጥጬ፣ አንተ ከፊት ሆነህ «ድንጋይ ነው፤ ጎንበስ በሉ፣ ቅርንጫፍ ነው» ትል ነበር። እኔም ድምፅህን እየሰማሁ እንቅልፌን እለጥጥ ነበር። ያ ዘመን እንዴት ይናፍቀኛል።

ባለፈው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ከገደሉ በታች ያለችው አመተ ማርያም ታማ አስጠራቻቸው። ከጠባቡ መታጠፊያ ስንደርስ ነፋሱ የፋኖሱን ጧፍ አጠፋው። ፋኖስ ነፋስ አይደፍረውም የሚሉ የአንኮበርን ነፋስ አያውቁም። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ሆነና ድርቅ ብዬ ቆምሁ። አባታችን ግን ከበቅሎዋ ላይ ሆነው፣ «ምነው ቆምህ ገብረ ሕይወት? ብርሃኑ እንዲህ ቦግ ብሎ ሳለ ምን ያስፈራሃል?» አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ አባታችን አያዩም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። ቅዳሴውን በቃላቸው ያውቁታል፣ መንገዱን በቅሎዋ ታውቀዋለች፤ እኛ በምን እንወቅ? መጥፋቱን ሳልነግራቸው ልጓሙን ይዤ፣ መሬቱን በእግሬ እየዳበስሁ አሳለፍኋቸው። ለአመተ ማርያምም ነፍሷ ሳትወጣ ደረሱላት።

አያዩም ተብለው ከመቅደስ እንዳይለዩ ፈርተው የደበቁን ይመስለኛል። እኔም ለሰው አልተነፈስሁም። የሌሊቱን መንገድ ይተዉ ብዬ ብለምናቸው ግን፣ «ንስሐ የሚሻ ነፍስ እስኪነጋ ይጠብቃል?» ይሉኛል። አንድ ቀን በቅሎዋ እግሯ የከዳት እንደሆነ ምን ይውጠናል? የሚሰሙት አንተን ነው። እባክህ ጥምቀት ሳያልፍ ና።

እናታችን አስካለማርያም ጋቢ እየፈተለችልህ ነው፤ ዓይንህን ያሳየኝ ትላለች። እህታችን ለተጊዮርጊስ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ስሙን አንተ እንድታወጣለት ትጠብቃለች። ባለቤትህን ወርቅአገኘሁን ሁላችንም እጅ ነስተናል።

አባታችንም ይባርኩሃል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠው ብዕሩ ወረቀቱን ሲጭር ያዳምጣሉ። «ፋኖሱ ዓይኔን አበራልኝ ብለህ ጻፍለት» ብለውኛል። እንዳሉት ጽፌአለሁ።

ወንድምህ ገብረ ሕይወት
አንኮበር፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፰፻፹፩ ዓመተ ምሕረት