አምስተኛው ደቂቃ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

አሳንሰሩ ዛሬም አይሠራም። በደረጃ ወጣሁ። ሰርቨሩ ደህና አድሯል፤ ከእኔ ይሻላል።

ረፋድ ላይ ሐኪሟ ደወለች። ሌላ ከተማ ተቀምጣ ከሆስፒታላችን የምንልክላትን የምርመራ ምስል የምታነብልን እሷ ናት።

«የላካችሁልኝ ግማሽ ጭንቅላት ነው።»

«ሌላው ግማሽስ?»

«እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።»

መዝገቡን አየሁ። ፋይሉ እየተላለፈ ሳለ ምስል የምንልክበት ሚስጥራዊ መስመር ተቋርጧል። ደግሜ ላክሁ፤ ተቋረጠ። ትንንሾቹ ፋይሎች ግን ሰተት ብለው ይሄዳሉ። እጅ ያልፋል፣ ጭንቅላት አያልፍም። ለዚህ መሥሪያ ቤት እንግዳ ነገር አይደለም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

ገመድ ቀየርኩ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሣሁ። የይለፍ ቃሉንም ቀየርኩ... እሱን ለምን እንደቀየርኩ ለራሴም አልነገርኩትም።

ሦስት ጊዜ ተቋረጠ። ሦስቱም ጊዜ ልክ በአምስተኛው ደቂቃ። ብልሽት ሰዓት ያከብራል? ሰዓት የሚያከብር ሰው ነው። እዚህ ቤት ደግሞ ሰዓት የሚያከብር አንድ ሰው ብቻ አለ፤ ዝምተኛው።

የኔትወርክ ሠራተኛችን ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ስምንት ዓመት አብረን ስንሠራ ሰላምታው በቅንድብ ነው፤ አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ። አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩን ይዞ ሰርቨር ክፍል ገባ። አራት ከሃያ ላይ ወጣ። መስመሩ የተቋረጠው ስንት ሰዓት ነው? አራት ከሃያ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ገባ። በመስተዋቱ በር አየሁት። ስልኩን ያያል፣ ሰርቨሩን ያያል፣ ደግሞ ስልኩን። የሚያወራው ከማን ጋር ነው?

ሲወጣ ጠበቅኩት። «ምን እየሠራህ ነው?»

«እያየሁ ነው።»

«ምኑን?»

«ገና ነው። አረጋግጬ እነግርሃለሁ።»

ለእሱ ይሄ ንግግር ነው። የሚደብቀው ባይኖረው ይህን ያህል ያወራ ነበር?

ማታ ለእታለም ነገርኳት። ታላቄ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ እኔ ጋ ትኖራለች፣ ወይም እኔ እሷ ጋ፤ ገና አልተወሰነም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አልኳት።

«የጠረጠረስ? የቤቱ ቁልፍ የጠፋ ቀን የእኔን ቦርሳ በርብረሃል። ኪስህ ውስጥ ነበር።»

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ከመወጣጫ የወደቀ ግንበኛ መጣ። የጭንቅላቱ ምስል አልሄድ አለ። በሲዲ ገልብጠን በመኪና ላክን፤ የሦስት ሰዓት መንገድ። ሐኪሟ ደውላ «እስከዚያው ግማሹ ደህና ነው ልበል?» አለች። አልሳቀችም።

የክፍላችን ኃላፊ እኔንና ዝምተኛውን ጠራችን። ከእሱ በፊት እኔን ለብቻ አስገብታ «የምትጠረጥረው ሰው አለ?» አለችኝ።

«እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን...»

ከ«ግን» በኋላ ያለውን ሁሉ ነገርኳት። ሰዓቱን፣ ስልኩን፣ «ገና ነው» ያለውን። ከዚያ እሱን አስገብታ ጠየቀችው። እሷን አየ፣ እኔን አየ። ዝም።

እስኪጣራ ታገደ። ሰኞ መልስ ካልሰጠ ይሰናበታል። የሰርቨር ክፍሉን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥ ድምፅ እንኳ አላሰማም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አርብ፣ ጥቅምት 8

እሱ ቤቱ ነው። ቁልፉ ኃላፊዋ መሳቢያ ውስጥ ነው። መስመሩ በአምስተኛው ደቂቃ ተቋረጠ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

እረፍት ቢሆንም በራሴ ቁልፍ ገባሁ። ሰርቨር ክፍል መደርደሪያ ላይ ደብተሩን ትቶት ሄዷል። የሰው ደብተር አይከፈትም... ከፈትኩት።

በስልኩ ሰዓት ሲለካ ነበር። ሌላ ምንም አልነበረም። በእርሳስ፣ በደቃቅ ጽሕፈት፦ «ሁለት መስመር አለ። አንዱ ትእዛዝ፣ አንዱ ፋይል ይይዛል። ፋይሉ እስኪያልፍ የትእዛዙ መስመር ዝም ይላል። መስመሩን የሚጠብቀው ፋየርዎል አምስት ደቂቃ ዝም ያለውን ይቆርጣል፤ ፋይሉም አብሮ ይወድቃል። የአዲሱ የጭንቅላት ምርመራ ማሽን ምስል ትልቅ ስለሆነ ስምንት ደቂቃ ይፈልጋል።» ማሽኑ የተተከለው ባለፈው ሳምንት ነው። የድሮዎቹ ምስሎች ሦስት ደቂቃ አይሞሉም ነበር።

ከሥሩ፦ «የመቁረጡን ደንብ ማን እንዳስገባው አየሁ። ለብቻው ይነገረው።»

የፋየርዎሉን መዝገብ ከፈትኩ። አምስት ደቂቃ ዝም ያለ ይቆረጥ። የዛሬ ሁለት ዓመት። ያስገባው... እኔ። አንድ ሰው መስመር ክፍት ትቶ እየሰለለ ነው ብዬ ነበር። ማን ብዬ እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ።

እሁድ፣ ጥቅምት 10

እታለም ፊቴን አይታ «ኪስህ ውስጥ ነበር በለኛ» አለች። ምሳ አልበላሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ሳይጠሩኝ ኃላፊዋ ጋ ገባሁ፤ ደብተሩ ላይ ያነበብኩትን ነገርኳት።

«ደንቡ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እሱ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

ማስጠንቀቂያው የእኔ፣ ቁልፉ የእሱ ሆነ። መስመሩን አስተካከልኩ፤ ፋይሉ እያለፈ ሳለ የትእዛዙ መስመር በየደቂቃው አንዲት ትንሽ ምልክት ይልካል። አለሁ እንደማለት። ሐኪሟ ደወለች፤ ሙሉ ጭንቅላት ደርሷታል። ግንበኛውም ተርፏል።

ከሰዓት በኋላ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅኩት። ይቅርታ ጠየቅኩ። «ሐሙስ ለምን አልተናገርክም?»

«እሷ ፊት ስምዎን ላነሣ?» አለ። «ሌላ የሚፈልጉት አለ?»

ስምንት ዓመት «አንተ» ነበርኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

መስመሩ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተቋረጠም። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ጋ ቆም እላለሁ።

«እንዴት አደርክ?»

«ደህና፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ?»

ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው የሚሰጠኝ፣ ምንም ሳያጎድል። ፊቱ አይንቀሳቀስም። ነገም እቆማለሁ... የምጠብቀው ያንን ቅንድብ ነው።