ብቻውን ያደገው የእንግዴ ልጅ

ቡታጅራ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ባለቤቴ ሸረፋ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህስ? የጅግጅጋ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? ሱቁስ፣ ወንድሞችህስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ፣ በደወልኩ ቁጥር ላውድ ስፒከር ላይ አድርገህ ለወንድሞችህ ስለምታሰማኝ ነው። ከደስታህ የተነሳ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህን ግን ብቻህን ሆነህ እንድትሰማው ብዬ ጽፌ በጎረቤታችን በሙባሪክ እጅ ላክሁልህ። ምን እንደያዘ አያውቅም።

ሸረፋ፣ ልጁ የለም። ሞቶ ወይም ወርዶ አይደለም። ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ማስታወኩ በርትቶብኝ ውሃ እንኳ አልረጋልኝ ብሎ ነበር። ሆዴም ከወሩ በላይ ገፋ። እናትህ «መንታ ነው» ብለው ለሰፈሩ ሁሉ አወሩ። እኔ ግን ደም ሲታየኝ ፈራሁና፣ ለምርመራ ነው ብዬ ወልቂጤ እህቴ ሃፊዛ ጋ ሄድኩ። እሷ ይዛኝ የሄደችው ዶክተር ትርሲት ጋ ነው። ዶክተሯ በአልትራሳውንድ ስታየኝ ቆየችና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ዘለላ ዘለላ የሚመስል ነገር ማህፀኔን ሞልቶታል። የሚመታ ልብ የለም።

«የእንግዴ ልጁ ብቻውን ነው ያደገው፤ ጽንስ የለውም» አለችኝ።

«ምርመራው እርጉዝ ነሽ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ምርመራው ልጁን አያይም። የእንግዴ ልጁ የሚያመርተውን ሆርሞን ነው የሚያየው።»

ማህፀኔን ጠረጉልኝ። ሃፊዛ አለቀሰች፤ እኔ እንባ አልመጣልኝም።

የሚያሳፍረኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቤት ስመለስ ለእናትህ ትንፍሽ አላልኩም። ሰንበት ብዬ ከፋርማሲ የሽንት መመርመሪያ ገዛሁ። ሁለት መስመር አወጣ። አመንኩት። ዶክተሯ ተሳስታ ነው፣ ከመንታዎቹ አንዱ ተርፎልኛል አልኩ። እናትህ ሴቶቹን ለዱዓ ሲጠሩ አላስቆምኳቸውም። ቡላና ቅቤ ይዘው መጡ፤ መሃላቸው ተቀመጥኩ። ከታች ሰፈር ያለችው፣ መውለድ ያልቻለችው ሴት፣ ለእሷም እንዲደርሳት ሆዴን ዳብሳ መዳፏን ፊቷ ላይ አሻሸች። እኔም «አሚን» አልኩላት።

በማግስቱ መመርመሪያውን በሶፍት ጠቅልዬ ወልቂጤ ዶክተሯ ጋ ሄድኩ። እየሳቅኩ ነበር የሰጠኋት። ዶክተር ትርሲት አልሳቀችብኝም፤ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ባሂራ፣ የእንግዴ ልጅ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ጥቃቅን ሞለኪውሎች አሏቸው» አለችኝ። «መልእክቱ ሲደርሳቸው እርስ በእርስ ይዋሃዱና ሆርሞኑን ያመርታሉ። ሆርሞኑ በደምሽ ሄዶ ጽንስ እንዳለ ለሰውነትሽ ይናገራል፤ የወር አበባሽ የሚቀረው ለዚህ ነው። ያንቺ ያለ ልክ አመረተ። ያ ሁሉ ማስታወክም ከዚያ የመጣ ነው። ከተጠረገ በኋላም ሆርሞኑ ደም ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል።»

«መልእክቱን የሚልከው ማነው?» አልኳት።

«በአብዛኛው ራሱ የእንግዴ ልጁ ነው። ራሱ ይልካል፣ ራሱ ይቀበላል።»

ስለ ዱዓው ስነግራት ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። «ለቤተሰብ ንገሪ» ብቻ አለችኝ።

ቤት ስመለስ እናትህን በረንዳ ላይ በርበሬ እየቀነጠሱ አገኘኋቸው። «እማ፣ ልጅ የለም። በዱዓው ቀንም አልነበረም» አልኳቸው። እጃቸው በርበሬው ላይ ቆመ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ያወራሁት እኔ ነኝ፤ እኔው እመልሰዋለሁ» አሉ።

«አብሬዎት ልሂድ።»

«አንቺ ቁጭ በይ።»

በዚያ በሚያማቸው ጉልበት፣ መንታ ነው ብለው የገቡበትን ቤት ሁሉ እንደገና አንኳኩ። በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። አንዳንዱ ቤት ቶሎ ወጡ፣ አንዳንዱ ቤት ቆዩ። ወደዚያች ልጅ ያጣች ሴት ቤት ሲያቀኑ ግን ማየት አልቻልኩም፤ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ነገሩ አንስተውብኝ አያውቁም። ከበፊቱ አብልጠው ያበሉኛል፤ ይሄ ደግሞ የበለጠ ያሳፍረኛል።

የቀረ አንድ ነገር አለ። ሆርሞኑ ከደሜ እስኪጠፋ እየተመላለስኩ እመረመራለሁ። የቀረ ነገር ካለ ወደ ክፉ በሽታ እንዳይለወጥ ነው። እስከዚያ፣ ከዚያም በኋላ ለወራት፣ ማርገዝ የለብኝም። ለእናትህ ይህን አልነገርኳቸውም፤ አንተ የምትመጣበትን ዓረፋ እየጠበቁ ነው። ዶክተሯ ወደፊት መውለድ እንደምችል ነግራኛለች። ይህን የጻፍኩልህ ጠብቀኝ ለማለት አይደለም፤ እንድታውቀው ብቻ ነው። ወንድሞችህ ሌላ ነገር ቢመክሩህም አልፈርድባቸውም። ከሰው አፍ ከምሰማው ግን አንተ ብትነግረኝ ይሻለኛል።

ለዓረፋ ሥራ ከበዛብህም አትጨነቅ። ዘንድሮ መንገዱም አስቸጋሪ ነው ይላሉ። ክፍላችንን ቀለም አስቀብቻለሁ፤ ሽታው እስከዚያ ይወጣል። ያንን ነጭ ጀለቢያህንም አጥቤ ተኩሼ ሰቅዬልሃለሁ።

አላህ ባለህበት ይጠብቅህ፣ ሪዝቅህን ያስፋልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ።

ባለቤትህ
ባሂራ