ሲስተር ወይንሀረግ ነጋ፦ ከልደታ እስከ ማላዊ ሐይቅ ዳር

ሲስተር ወይንሀረግ ነጋ ከአባታቸው ከአቶ ነጋ ተስፋሚካኤል እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰፋሽ ኃይሎም በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ልደታ ማርያም አጠገብ ተወለዱ። ክርስትና የተነሡትም እዚያው ነው። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው አጠናቀው፣ በ1979 ዓ.ም. በአዋላጅ ነርስነት ተመርቀው በመንግሥት ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለአብ ግደይ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ፣ ደላዊትን፣ ወልደዋል። አቶ ኃይለአብ በ1999 ዓ.ም. አረፉ።

በ2005 ዓ.ም. ልጃቸውን ካስመረቁ በኋላ፣ ለሁለት ዓመት በበጎ ፈቃድ ሊያገለግሉ ወደ ማላዊ ሄዱ። የተመደቡት በሐይቁ ዳር ባለ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ከበዳቸው። ቋንቋውን አያውቁም፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትጮህ ምን እንደምትል አይገባቸውም። የበቆሎው ገንፎ አልስማማቸው አለ። ቅርብ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረ ፍልሰታን ብቻቸውን ጾሙ፤ ገናን ሲያከብሩም አገሬው በዓሉን ጨርሶ ሥራ ገብቶ ነበር። ለደላዊት ደውለው፣ «እዚህ ሰው አስቸገርኩ እንጂ አልጠቀምኩም። ትኬት ቁረጪልኝ» አሏት። ቆረጠችላቸው።

ሊመጡ ሲሉ ግን አብራቸው የምትሠራው ነርስ ታመመች። የሚተካት ስላልነበረ ጉዞውን አራዘሙት። በዚያ ጊዜ ብቻቸውን ሲያዋልዱ «ግፊ»ን፣ «ተንፍሺ»ን፣ «አይዞሽ»ን ከእናቶቹ አፍ ተማሩ። ሰዎቹም «አማዪ» ይሏቸው ጀመር፤ በአገሩ ቋንቋ «እናት» ማለት ነው። የትኬቱን ነገር ዳግመኛ አላነሡም። ሁለት ዓመት የተባለው ስምንት ዓመት ሆነ።

በጥር 2009 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ፣ ታናሽ ወንድማቸው አቶ ሔኖክ በስልክ አረዷቸው። እዚያ ወቅቱ ክረምት ነበርና ጎርፍ የመውጫውን ድልድይ ወስዶት ነበር። ለቀብሩም ለሠልስቱም አልደረሱም። «ሰማሁ ሔኖክ። አሁን ምጥ ላይ ያለች ሴት አለችኝ» ብለው ስልኩን ዘጉ። ሴትዮዋን አዋልደው፣ እጃቸውን ታጥበው በረንዳው ላይ ተቀመጡ። እንባ እንቢ እንዳላቸው በኋላ ለደላዊት ነግረዋታል።

በ2013 ዓ.ም. ጠቅልለው ወደ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቤታቸው ተመለሱ። ይህም ሌላ መልመድ ሆነባቸው። ግቢው ውስጥ ለብቻቸው ይቀመጣሉ፤ ሰላም ሲሏቸው ዘግይተው ይመልሳሉ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቀመሪያ፣ «ምን ሆነሽ ነው ወይንዬ?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ምንም አልሆንኩም። ገና አልደረስኩም መሰለኝ» አሏቸው።

በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው፤ ሕክምናቸውንም ሲከታተሉ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት አማርኛው ራቃቸውና የሚናገሩት በዚያ አገር ቋንቋ ብቻ ሆነ። ከመካከላችን የሚሰማው አልነበረም። ደላዊት እጃቸውን ይዛ «እሺ እማዬ» ትላቸው ነበር። ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከኋላቸው ልጃቸው ደላዊት ኃይለአብና ወንድማቸው አቶ ሔኖክ ነጋ ቀርተዋል። በእጃቸው የተወለዱ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ብዙ ልጆችም በሩቅ አገር አሉ። ማረፋቸውን የምንነግርበት መንገድ እስካሁን አላገኘንም።

ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ለእኛም የምናለቅስበትን ጊዜ ይስጠን። አሜን።