ሐሙስ የሚጾመው ካሜራ

ይድረስ ለእታለሜ ሁሪያ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ሥራውስ፣ እንቅልፍሽስ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ዓቢዳም ከጉልበታቸው በቀር ካንቺም ከእኔም የበረቱ ናቸው።

ጄሪካኖቻችን ከበር ላይ ከተሰረቁ ወዲህ «ካሜራ ያለው የበር ደወል ግዙ፤ እኔም ከዚህ ሆኜ ደጃችሁን ልይ» ብለሽ ነበር። ተገዝቷል። ደጁን ግን አታዪም። ከመቆጣትሽ በፊት ምክንያቱን ስሚኝ።

ከእናታችን ጋር ወልድያ ድረስ ሄድን። ባለሱቁ ረዲ ውዱን አወጣና «ምስሉ ሁሉ በኢንተርኔት ሄዶ ኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል፤ ጅዳም ይታያል» አለ። እኔ እንደምታውቂኝ መመሪያ እስከ መጨረሻው የማነብ ብቸኛው የሀብሩ ወረዳ ሰው ነኝ፤ ምስሉ «ለሦስተኛ ወገን» ሊተላለፍ ይችላል የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ሦስተኛው ወገን ማን ነው?» አሉ እናታችን። «እኔም አላውቀው እማማ» አለ። «እንግዲያስ የማውቃቸውን ሰዎች ለማላውቀው ሰው አሳልፌ አልሰጥም!» ረዲ ሳይወድ በግዱ ሌላውን አወረደ፤ ምስሉ በውስጡ ባለች ጥፍር በምታህል ካርድ ላይ ብቻ የሚቀር፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ። የመርሳን ኔትወርክ ለምታውቂው ይህ ራሱ ጸጋ ነው።

ሰቀልነው። ደወሉን የሚጫን የለም፤ ሁሉም እንደ ድሮው «ቤቶች!» እያለ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቀረጸችው ዋና እንግዳ የጎረቤታችን የጋሽ አስፋው ዶሮ ናት።

ስህተታችንን ያወቅነው ሐሙስ ነው። የሐሙሱን የማሽላ ጆንያ መቼም አትረሺውም። እናታችን ከበሩ ሥር አስቀምጠው ጓዳ ይገባሉ፣ የቸገረው መጥቶ ይሰፍራል፣ ማን እንደወሰደ እሳቸውም አያዩም። የዚያን ሐሙስ አንድ ጣሳ አልጎደለም። እናታችን እራት አልቀመሱም። «ሃያ ዓመት ሙሉ እኔ ያላየሁትን ፊት ይህ ዕቃ ሊያይብኝ?» አሉ።

በማግስቱ ለሰፈሩ ሴቶች ሁሉ «የእኛ ካሜራ ሐሙስ ሐሙስ ይጾማል» ብለው አስወሩ። አሁን ሐሙስ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ካርዷ ተነቅላ በሻሻቸው ጫፍ ትቋጠራለች፤ የካሜራውም ዓይን መሸፈኑ ከመንገድ እንዲታይ አሮጌ ካልሲዬ ይጠለቅለታል። ለቴክኖሎጂ ያበረከትኩት ይህንኑ ነው። «ሌባው ሐሙስ ቢመጣሳ?» ብላቸው «ሐሙስ የመጣ ሌባ አይባልም፤ ይስፈር» አሉኝ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። ጆንያውን ባዶውን፣ ተራግፎ፣ በአራት ታጥፎ ደፉ ላይ አገኘነው። እናታችን አንስተው ደረታቸው ላይ ያዙትና «ለሁሪያ ጻፍላት፤ ደጃችንን ማየት ካማራት ይኸውላት» አሉ። እታለሜ፣ የትልልቅ ሰዎችን ታሪክ ብዙ አንብቤአለሁ፤ እንዲህ ያኮራኝ መጽሐፍ ግን የለም።

እናታችን ዱዓቸውን ልከውልሻል። ባለቤቴ ኢሕሳን ናፍቃሻለች። ጋሽ አስፋውም «ዶሮዬን ያለፈቃዴ ቀረጹብኝ» ከሚል ክስ ጋር ሰላም ብለውሻል። አብራሽ ለምትኖረው ለቡርቱካንም ሰላምታችንን አድርሺልን።

ወንድምሽ ዛኪር
መርሳ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.