የታመሙት ተጫዋቾቻችን

ለምወድህ ወንድሜ ለኤሊሴኦ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። እኛም፣ ኩባም፣ ትተኸን እንደሄድከው አለን።

የቤዝቦል ውድድሩ ሊጀመር ነው። አሰልጣኛችን ፍሎሬንቲኖ ትናንት እኛን ረዳቶቹን ሰብስቦ "ዘንድሮ ምን ይጎድለናል?" ሲል ሳቄ መጣ። የሚጎድለን ሰው ነዋ። ሁለቱ ኳስ ወርዋሪዎች ታመዋል፤ ከመቺው ጀርባ የሚቀልበውም ታሟል። አገር ጥሎ የሄደውን ሁሉ ዛሬም ታሟል ነው የምንለው። አንተም ሜክሲኮ ከገባህ ጀምሮ እዚህ በሽተኛ ነህ። አዲስ መለያ ግን ተልኮልናል፤ ከለባሹ ልብሱ በዛ።

"ደግነቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መሃል በሚቆመው ተጫዋች አንሰጋም፤ ያንተ ልጅ አለልን" አለኝ ፍሎሬንቲኖ። ዮስባኒን ማለቱ ነው።

"ለእሱም ተተኪ ፈልግ" አልኩት።

"ምነው፣ አሞታል እንዴ?"

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"እንደ በሬ ጤነኛ ነው። አፍህን ሰብስብ" አልኩት።

ደግሞም ጤነኛ ነው። ማንም እንዳይነካበት ይሳሳለት የነበረውን የኳስ መቅለቢያ ጓንቱን ለአክስቱ ልጅ ሰጠው። የእናቱን ጥቁር ባቄላ ሲያማርር ያደገ ልጅ፣ ሰሞኑን ድስቱን ጠርጎ ይበላና እጇን ይስማል። እሷ ልጄ ጨዋ ሆነ ብላ ደስ ብሏታል። እኔ ምን ልበላት?

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ድንገት ደጅህን የሚያንኳኳ ቢመጣ፣ መጀመሪያ አብላው። ከዚያ ስደብልኝ።

ወንድምህ አኒባል