ጥርሱ ያልታየ በሬ

ይድረስ ለልጄ ለምሥራቅ፤ በሰው አገር ኪዳነ ምሕረት ጥላ ትሁንሽ። አባትሽን የወገብ ሕመማቸው ትንሽ ቀለል ብሏቸዋል።

ወንድምሽ ዘመኑ በላክሽልን ብር በሬ ገዛሁ ሲለኝ በረቱን ጠርጌ ገለባ አቀረብኩ። ጥርሱን ልይ ስለው ስልኩን ዘረጋልኝ። ስልኩ ውስጥ ያለ የጨዋታ በሬ ነው፤ ቆሞ ጭራውን ያወዛውዛል። አርብ ገበያ ጥርስ ሳያይ፣ ሳያራምድ በሬ የሚገዛ ሞኝ አላየሁም። ወንድምሽ ግን “በርካሽ ነው ያገኘሁት” ይለኛል። ኩበት እንኳ የማይወጣው በሬ በምን ሒሳብ ነው ርካሽ የሚባለው?

ጨዋታውን ያስተማርሽው አንቺ እንደሆንሽ፣ በሬዎችሽም ከእሱ እንደሚበዙ ነገረኝ። ያሳደገሽ አምላክ ልብ ይስጥሽ። እንግዲያ የኔ ልጅ፣ ሰኔ ሳይገባ ነድተሽ አምጫቸው፤ አባትሽ በውሰት በሬ ማረስ መሯቸዋል።

እናትሽ ካሣነሽ